ከእንቁላሉ እስከ በሬው፤ ጃፋር ኒሜሪና ራስን የማታለል ታሪክ

በሴፕቴምበር 1983 የካርቱም ነዋሪ ያልተለመደ ትርኢት ተመለከተ። ከሆቴልና ከመጋዘን፣ ከመጠጥ ቤትና ከሱቅ የተሰበሰበ መጠጥ፣ ዊስኪው ከቢራው ሳይለይ፣ በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ፊት ወደ አባይ ተደፋ። ሚሊዮኖች የሚያወጣ ንብረት በወንዙ ሲወሰድ ከዳር ቆመው እልል ያሉ ነበሩ፤ በዝምታ ራሳቸውን የነቀነቁም ነበሩ። ትርኢቱን የመሩት ጃፋር ሙሐመድ ኒሜሪ በወጣት መኮንንነታቸው ዘመን መጠጥ እንደማይጠሉ ይነገርላቸው የነበሩ ሰው ናቸው። ከ14 ዓመት በፊት በግራ ዘመሞች ታጅበው ሥልጣን የያዙትም፣ ከ11 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የተወጠነውን ሰላም ያጸደቁትም እኚሁ ሰው ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ የሚከታተል ሰው ይህን ዓይነቱን ገጸ ባሕርይ ያውቀዋል። ከ2008 እስከ 2013 የታየው «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋልተር ዋይት የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ካንሰር እንደያዘው ባወቀ ጊዜ ለቤተሰቡ ገንዘብ ለማስቀረት ሲል አደንዛዥ ዕፅ መሥራት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚፈጽመው እያንዳንዱ ክፋት የራሱ ምክንያት አለው፤ የምክንያቶቹ ሁሉ መጠቅለያ ግን ቤተሰቡ ነው። ተመልካቹን የሚያስደነግጠው የወንጀሉ ብዛት ብቻ አይደለም። ሰውየው ሌላውን ከማታለሉ በፊት ራሱን ማታለሉ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው።

አባቶቻችን ይህንኑ ነገር በአንዲት አጭር ተረት ጨርሰውታል። እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣ ልጅ እናቱ ደስ ብሏት ተቀበለችው። ልጁ አድጎ በሬ ሰረቀ፤ ተይዞም ሞት ተፈረደበት። በመጨረሻዋ ሰዓት እናቱን አስጠርቶ «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ኖሮ» አላት ይባላል። በዚህ ተረት ውስጥ ጥፋተኛው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሰረቀው ልጅ አለ፤ የተቀበለችው እናትም አለች። የኒሜሪ 16 የሥልጣን ዓመታት ታሪክ የሁለቱም ታሪክ ነው።

የሜይ ሌሊት

ኒሜሪ በ1930 በኦምዱርማን ከአንድ የፖስታ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1952 ከሱዳን የጦር ኮሌጅ ተመረቁ፤ በኋላም አሜሪካ ሄደው በፎርት ሌቨንወርዝ የጦር አዛዦች ትምህርት ተከታተሉ። ሜይ 25 ቀን 1969 ሌሊት በእርሳቸው የተመሩ «ነጻ መኮንኖች» የተመረጠውን መንግሥት ገልብጠው ሥልጣን ሲይዙ ኒሜሪ የ39 ዓመት ኮሎኔል ነበሩ።

መፈንቅለ መንግሥቱ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ሱዳን በ1956 ነጻነቷን ካገኘች ወዲህ የፓርቲዎች ጥምረት ሲፈርስና ሲሠራ ኖሯል። በ1955 የተጀመረው የደቡብ ጦርነትም መቆሚያ አጥቶ ነበር። አዲሶቹ መኮንኖች የጎሣና የሃይማኖት ቤቶች የበላይነት አብቅቶ ሠራተኛውና ገበሬው የሚከበርበት ሥርዓት እንደሚመሠረት ተናገሩ። ወጣቱ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱና የኮሙኒስት ፓርቲው ሰዎች አመኗቸው። የቀድሞው የአገሪቱ ዋና ዳኛ ባቢክር አወደላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ለደቡቡም ራስን በራስ የማስተዳደር መብት እንደሚሰጥ በጁን 1969 ታወጀ፤ ጉዳዩ የተሰጠው ጆሴፍ ጋራንግ ለተባሉ ደቡባዊ ኮሙኒስት ሚኒስትር ነበር።

የመጀመሪያው እንቁላል የተሰረቀው ከአንድ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው። በማርች 1970 በነጭ አባይ ላይ በምትገኘው የአባ ደሴት የተሰባሰቡት የማሕዲ ተከታዮች፣ ማለትም አንሳሮች፣ አዲሱን መንግሥት አንቀበልም አሉ። መንግሥት ደሴቲቱን በእግረኛ ጦርና በአውሮፕላን ደበደበ። ብዙ ሰው አለቀ። የማሕዲ የልጅ ልጅ የነበሩት መሪያቸው ኢማም አል ሃዲ ወደ ኢትዮጵያ ለመሻገር ሲሞክሩ ድንበሩ አካባቢ ተገደሉ። በካርቱም የነበሩ ተራማጆች ድርጊቱን የኋላ ቀርነት ምሽግ መፍረስ አድርገው ቆጠሩት። የሞቱት የሌላ ወገን ሰዎች ስለነበሩ የተጠየቀ አልነበረም።

ተራው የአጨብጫቢዎቹ ለመሆን 16 ወር ብቻ ፈጀ። ጁላይ 19 ቀን 1971 በሜጀር ሃሺም አል አታ የተመሩ ግራ ዘመም መኮንኖች ኒሜሪን ከቤተ መንግሥት ይዘው አሰሯቸው። በሦስተኛው ቀን ለኒሜሪ የታመኑ ወታደሮች በታንክ መጥተው ነጻ አወጧቸው። በዚያው ሰሞን በታሰሩበት የተረሸኑ መኮንኖች ደም ቁጣውን አባብሶት ስለነበር በቀሉ ፈጣን ሆነ። የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች ተረሸኑ። የኮሙኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አብዱል ኻሊቅ መሕጁብና የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ሻፊ አሕመድ አል ሼክ ተሰቀሉ። የደቡብን የራስ አስተዳደር እንዲያዘጋጁ የተሾሙት ጆሴፍ ጋራንግም ከተሰቀሉት አንዱ ነበሩ። የፍርድ ሂደቱ በቀናት የተቆጠረ ነበር።

በዚያው ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ኒሜሪ 98.6 ከመቶ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት መሆናቸው ተነገረ። ለብቻው የሚወዳደር ሰው ይህን ያህል ድምፅ ማግኘቱ አያስደንቅም። አደገኛነቱ አሸናፊው ቁጥሩን ራሱ ማመን የጀመረ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ የተቃወማቸው ሁሉ ከቀሪው 1.4 ከመቶ የወጣ ከሃዲ መስሎ ታያቸው።

የአዲስ አበባው ሰላም

ይሁን እንጂ ሰውየውን ገና ከመጀመሪያው ክፉ አድርጎ መሳል እውነቱን ማዛባት ይሆናል። የሞራል ውድቀት ታሪክ የሚያሳዝነው ከፍ ካለ ቦታ የተወደቀ እንደሆነ ነው፤ ኒሜሪም ከፍ ብለው የቆሙበት ጊዜ ነበራቸው።

በፌብሩዋሪ 1972 የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ንቅናቄ ተወካዮች አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። የመንግሥቱን ልዑካን የመሩት ደቡባዊው የሕግ ባለሙያ አቤል አሊየር ነበሩ። ከወዲያ በኩል የአኛኛ ተዋጊዎች መሪ ጆሴፍ ላጉ የላኳቸው ሰዎች ቀረቡ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ መድረኩን አመቻቹ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የአስታራቂነቱን ሚና ያዙ። ድርድሩ በጦር ሠራዊቱ አደረጃጀት ላይ በተሰናከለ ጊዜ መፍትሔ የተገኘው በንጉሠ ነገሥቱ ጣልቃ ገብነት ነው። በደቡብ ከሚሰፍረው 12,000 ጦር 6,000ው ከደቡብ ተወላጆች፣ 6,000ው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እንዲሆን ስምምነት ላይ ተደረሰ።

በዚያው ዓመት ማርች 27 ቀን ስምምነቱ አዲስ አበባ ላይ ጸደቀ። 17 ዓመት የቆየና ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደፈጀ የሚገመት ጦርነት በወረቀትና በቃል ቆመ። በጁባ የደቡብ ክልል መንግሥት ተቋቋመ፤ ስደተኞች ከኢትዮጵያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች ጎረቤት አገሮች ተመለሱ። በዚያ ዘመን ለአፍሪካ ይህ ብርቅ ነገር ነበር።

ስምምነቱን ያረቀቁት ሰዎች የሥልጣንን ጠባይ ያውቁ ነበርና አንድ ቁልፍ አስቀመጡ። የደቡብ ራስ አስተዳደር ሕግ ሊሻሻል የሚችለው በብሔራዊው ምክር ቤት በሦስት አራተኛ ድምፅ፣ እንደገናም በደቡብ ሕዝብ ሕዝበ ውሳኔ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደገፍ ብቻ ነው ተባለ። አንድ ሰው ማታ አስቦ ጠዋት እንዳይሽረው ታስቦ የተሠራ ነበር።

ደቡባውያን ለዚህ ሰላም ባለውለታ ሆኑ። በጁላይ 1976 ከሊቢያ የተነሳ የተቃዋሚዎች ጦር ካርቱምን ሊይዝ በተቃረበ ጊዜ ከኒሜሪ ጎን ቆሙ። ጦሩ ከተደመሰሰ በኋላ የተገደሉትንም ሆነ የተረሸኑትን ብዙዎች አላነሱም፤ ሰላሙን ያመጣላቸው ሰው እንዲቆይላቸው ፈልገዋልና። እናትየዋ እንቁላሉን ዳግመኛ ተቀበለች።

ምክንያት የማያጣ ሰው

ከ1977 ወዲህ ያለው ታሪክ የምክንያቶች ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ኒሜሪ ከአንሳሮቹ መሪ ከሳዲቅ አል ማሕዲ ጋር ፖርት ሱዳን ላይ ተገናኝተው ብሔራዊ ዕርቅ አወጁ። ለዓመታት አስረዋቸው የነበሩት የእስልምና ንቅናቄ መሪ ሐሰን አል ቱራቢ በ1979 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ዕርቁ በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ኒሜሪ በአንድ በኩል ከታረቁት ወገን በሌላ በኩል ለደቡብ የገቡትን ቃል የማይወድ ነበር። ሁለቱን ቃሎች አንድ ላይ መያዝ ከባድ ሲሆን ቀላሉ መንገድ ከሁለቱ አንዱ ቃል አልነበረም ብሎ ራስን ማሳመን ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ነበር። በ1970ዎቹ ሱዳን የአረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት እንደምትሆን ተነግሮ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከምዕራብ ባንኮች ብድር ጎረፈ። እርሻውና ፋብሪካው የታሰበውን ሳያስገኝ ዕዳው ብቻ አደገ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያው ጊዜ የአሜሪካው ኩባንያ ሼቭሮን በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ አገኘ። ነዳጁ የተገኘው በደቡብ ነው፤ ማጣሪያው ግን በሰሜን በኮስቲ እንዲሠራ ተወሰነ። ከ1978 ጀምሮ የሚቆፈረው የጆንግሌ ቦይም የደቡብን ውሃ ወደ ሰሜን ለማሳለፍ የታሰበ መሆኑ ቅሬታውን አባባሰው። ለሁሉም «የአገር ጥቅም» የሚል መልስ ነበር።

እውነቱን የሚናገሩት ደግሞ ከአጠገባቸው እየራቁ ሄዱ። በጃንዋሪ 1982 ከጦሩ አዛዦች የሙስናና የአስተዳደር ብልሽት ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ኒሜሪ መልስ ከመስጠት ይልቅ ምክትላቸውንና የመከላከያ ሚኒስትሩን ጀነራል አብዱል መጂድ ሐሚድ ኸሊልን ከብዙ ከፍተኛ መኮንኖች ጋር አሰናበቱ። መስተዋቱን ሰብሮ ፊቱ ንጹሕ ነው ብሎ እንደሚያስብ ሰው ሆኑ።

ጁን 5 ቀን 1983 የአዲስ አበባው ቁልፍ ተሰበረ። ኒሜሪ በአንድ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የደቡብን ክልል በሦስት ከፈሉት። የምክር ቤት ድምፅም የሕዝብ ውሳኔም አልተጠየቀም። ስምምነቱ ቁርአንም ወንጌልም አይደለም ማለታቸው በሰፊው ይነገራል። ለዚህም ቢሆን ምክንያት አልጠፋም። አንዳንድ የኢኳቶሪያ ፖለቲከኞች የዲንካን የበላይነት ፈርተው መከፋፈሉን ደግፈዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የአዲስ አበባውን ሰላም የተቀበሉት ጆሴፍ ላጉ ነበሩ። ኒሜሪም ይህንኑ የሕዝብ ፍላጎት ነው ብለው ያዙት። ድርድሩን በመንግሥት በኩል የመሩት አቤል አሊየር ከዓመታት በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ርዕስ ላይ፣ በደቡብ ሱዳን ጉዳይ ከልክ በላይ ብዙ ስምምነቶች መታጠፋቸውን አስፍረዋል።

ጥይቱ የተተኮሰው ከትእዛዙ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1983፣ በቦር ከተማ የሠፈረው የደቡብ ተወላጆች ሻለቃ ባመፀ ጊዜ ነው። ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት ወታደሮች በኮሎኔል ጆን ጋራንግ መሪነት በጋምቤላ ምድር አዲስ ጦር አቋቋሙ። ኒሜሪ የኤርትራና የትግራይ ተዋጊዎችን በማስጠለላቸው የተቆጣው የደርግ መንግሥት ጦሩን አስታጠቀ። አዲስ አበባ ሰላም ያገኘው ጦርነት ጋምቤላ ላይ እንደገና ተነሣ፤ ዳግመኛ እስኪቆምም 22 ዓመት ፈጀ።

ኢማሙ

ወደ አባይ ዳርቻው ትርኢት የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። ደቡብ በነደደበት፣ ዳቦ በተወደደበት፣ ዕዳው በበዛበት ወቅት ኒሜሪ በሴፕቴምበር 1983 የእስልምናን የወንጀል ሕግ አወጁ። ሕጉን በቤተ መንግሥት ያረቀቁት ጥቂት ወጣት የሕግ ሰዎች ሲሆኑ ሰፊ ምክክር አልተደረገበትም።

ኒሜሪ ሃይማኖትን ለፖለቲካ ብቻ የተጠቀሙ አስመሳይ ነበሩ ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይወሳሰባል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባለሥልጣኖቻቸው ከመጠጥ እንዲታቀቡ አዝዘው ነበር፤ የእስልምናን መንገድ ለምን እንደመረጡ የሚያስረዳ መጽሐፍም በስማቸው ወጥቷል። እምነታቸው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ያለው እምነታቸውን ከሥልጣናቸው ለይተው ማየት ባለመቻላቸው ነው። ለእርሳቸው የሚጠቅመው ሁሉ የፈጣሪ ፈቃድ መስሎ ታያቸው። በ1984 እንደ ኢማም የታማኝነት ቃለ መሐላ ተቀበሉ፤ ሕገ መንግሥቱም በዚያው መልክ እንዲሻሻል ምክር ቤቱን ጠየቁ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው አነጋገር በካርቱም በሕግ ሊጻፍ ተቃርቦ ነበር።

በኤፕሪል 1984 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ «ፈጣን ፍትሕ» የተባሉ ልዩ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። የሌቦች እጅ በኮበር እስር ቤት በሕዝብ ፊት ተቆረጠ። ጅራፉ በአብዛኛው ያረፈው በድሃው ጀርባ ላይ ነው። አረቄና መሪሳ እየጠመቁ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች የመጡ እናቶች፣ ከሐበሻ ስደተኞችም መካከል በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ ሌሊቱን በፍርሃት ያድሩ ነበር። ሥራና መታወቂያ የሌለውን እያፈሱ ከከተማ የማስወጣቱ ዘመቻም ነበር፤ በካርቱም የኖረ ስደተኛ ሁሉ «ከሻ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል።

ፖሊስ ጠርሙስ ሲያድን ረኃብ ከምዕራብ ገባ። የዳርፉር አስተዳዳሪ አሕመድ ድሬጅ በ1983 መጨረሻ ዝናብ መቅረቱንና እህል እንደሚያስፈልግ ለኒሜሪ ጻፉ። የተሰጣቸው ምላሽ ቁጣ ነበርና አገር ጥለው ተሰደዱ። የዳቦ ቅርጫት በተባለ አገር ረኃብ አለ ማለት መሪውን እንደመሳደብ ተቆጠረ። በ1984 ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በኦምዱርማን ዳርቻ ሠፈሩ፤ መንግሥት ግን በመኪና እየጫነ ወደ መጡበት ሊመልሳቸው ሞከረ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ያን ጊዜ በዓይን ታየ።

በሌሊት የተሠራው

የዚህ ዘመን እጅግ እንግዳ ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። በ1984 በረኃብና በጦርነት ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከትግራይ፣ ከጎንደርና ከኤርትራ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ፈለሰ። ከእነርሱ መካከል በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይገኙባቸዋል። በመንገድና በመጠለያ ከእነርሱ ወገን ወደ 4,000 የሚጠጉት እንደሞቱ ይገመታል።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ድረስ እነዚህ ሰዎች በአውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም እየተወሰዱ በሌሊት በቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላን ተጫኑ። በብራስልስ በኩልም እስራኤል ገቡ። «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው በዚህ ምስጢራዊ ሥራ ከ7,000 እስከ 8,000 ሰዎች ተወስደዋል። ወሬው በይፋ ሲወጣ ጉዞው ቆመ። በማርች 1985 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ካርቱምን ከጎበኙ በኋላ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች 500 ያህል ሰዎችን ከገዳሪፍ አቅራቢያ አንሥተው ወሰዱ።

ቀን ቀን ኢማም፣ ሌሊት ሌሊት ከአሜሪካና በእርሷም በኩል ከእስራኤል ጋር የሚዋዋሉት አንድ ሰው ነበሩ። ይህ ሥራ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ የዳኑት ሰዎች ልጆችም ዛሬ ቤተሰብ መሥርተዋል። ነገሩን መራራ የሚያደርገው ይኸው ነው። ነፍስ ያዳነውን ሥራቸውን ኒሜሪ በጨለማ ሸሸጉት፤ ጅራፉንና ስቅላቱን ግን በአደባባይ በኩራት አሳዩት። ጉዞውን በካርቱም በኩል ያስተባበሩት ምክትላቸውና የጸጥታ ሹማቸው ጀነራል ዑመር አል ጠይብ ከሥርዓቱ ውድቀት በኋላ በዚሁ ክስ ተፈርዶባቸው በ1986 ረጅም እስራት ተወሰነባቸው። ዋናው ሰውዬ በካይሮ ስደት ላይ ስለነበሩ በዚያ ችሎት አልቆሙም።

እንቢ ያሉት ሽማግሌ

የሩፋዓው ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ። በ1945 የሪፐብሊካን ፓርቲን መሠረቱ፤ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍም ዘላለማዊው የእስልምና መልእክት በመካ የወረደው የነጻነትና የእኩልነት ጥሪ ነው ሲሉ አስተማሩ። እርሳቸውና ተከታዮቻቸውም ቢሆኑ ለብዙ ዓመታት የኒሜሪን መንግሥት ደግፈዋል፤ የሃይማኖት ቤቶችን የፖለቲካ የበላይነት ይገታል ብለው ስላሰቡ። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ልዩነታቸው ስህተቱን ባዩ ጊዜ አለማለፋቸው ነው።

በ1983 ጽሑፋቸው የጸጥታውን ሹም በመንቀፉ ያለ ክስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ታስረው በዲሴምበር 1984 ተፈቱ። በተፈቱ በሳምንቱ፣ በገና ዕለት፣ ተከታዮቻቸው አንድ በራሪ ወረቀት በካርቱም ጎዳናዎች በተኑ። ጽሑፉ የሴፕቴምበሩ ሕግ እስልምናን ያዋርዳል፣ ሕዝቡንም ይሰድባል፣ ስለዚህ ይነሣ፤ የደቡቡም ጦርነት በሰላም ይፍታ የሚል ነበር።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ጣሃ ተያዙ። ሁለት ሰዓት ያህል የፈጀው ችሎት ጃንዋሪ 7 ተቀመጠ፤ በማግስቱ ሞት ተፈረደባቸው። በፍርድ ቤቱ የተናገሩት አጭር ነበር፤ ዳኞቹ በሙያ ብቁ እንዳልሆኑ፣ በሞራልም የአስፈጻሚው መሣሪያ ከመሆን ራሳቸውን ማዳን እንዳልቻሉ ገልጸው ከችሎቱ ጋር እንደማይተባበሩ አስታወቁ። ኒሜሪ ፍርዱን ጃንዋሪ 17 አጸደቁ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት፣ በ76 ዓመታቸው አካባቢ፣ በኮበር እስር ቤት ግቢ በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ፊታቸው የተሸፈነበት ጨርቅ ሲነሣ ፈገግ ብለው እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። አስከሬናቸው በሄሊኮፕተር ተወስዶ በማይታወቅ ስፍራ ተቀበረ።

በግቢው ውስጥ ያጨበጨቡ ነበሩ። ከአጨብጫቢዎቹ ወገን የሆኑት የእስልምና ንቅናቄ መሪዎች ግን ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1985፣ በኒሜሪ ትእዛዝ ተሰብስበው ታሰሩ። አንሳሮቹ ሲመቱ ኮሙኒስቱ ዝም ብሎ ነበር፤ ኮሙኒስቱ ሲሰቀል ደቡባዊው ሰላሙን ይጠብቅ ነበር፤ የደቡቡ ቃል ሲታጠፍ እስላማዊው ደስ ብሎት ነበር። እያንዳንዱ ወገን የሌላው እንቁላል ሲሰረቅ ዘወር ብሎ የራሱ በሬ ሲወሰድ ጮኸ። በቀዝቃዛው ጦርነት ኒሜሪን በሊቢያና በኢትዮጵያ ፊት እንደ ግንብ ያቆመችው አሜሪካም በእነዚያ ዓመታት ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ለሱዳን ከፍተኛውን እርዳታ ስትሰጥ ያየችው የሚጠቅማትን ብቻ ነበር።

የማይጮኸው ስልክ

በማርች 1985 መጨረሻ ኒሜሪ ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። የዳቦና የነዳጅ ዋጋ ድጎማ በተነሣበት ሰሞን መሄዳቸው ከካርቱም ጋር ምን ያህል እንደተራራቁ ያሳያል። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ መሐንዲሶችና የባንክ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ኤፕሪል 6 ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ጀነራል ስዋር አል ዘሀብ ሠራዊቱ ሥልጣን መያዙን በሬዲዮ አስታወቁ። በመመለስ ላይ የነበሩት ኒሜሪ ወሬውን የሰሙት ካይሮ ላይ ነበር። ግብፅም አሳልፋ አልሰጠቻቸውም።

በ1986 የጣሃ ልጅ ባቀረበችው አቤቱታ የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአባቷ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ውድቅ አደረገ። የሞተ አይነሣም፤ ቢሆንም አገር በአደባባይ ተሳስተናል ያለበት ዕለት ነበር።

ኒሜሪ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ በሜይ 1999 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው 10 ከመቶ ያልሞላ ድምፅ አገኙ። ምርጫው ራሱ በዋና ዋና ተቃዋሚዎች የተተወ ነበር። ሆኖም በ98.6 እና በዚህ ቁጥር መካከል ያለው ርቀት ብዙ ይናገራል። በ70 ዓመታቸው በዚህ ውድድር መግባታቸው በአንድ ወቅት የሰሙትን ጭብጨባ እስከ መጨረሻው እንዳመኑት ያስገምታል። የድራማው መምህር እንኳ በመጨረሻው ክፍል ያን ሁሉ ያደረገው ለራሱ ሲል እንደነበር ለሚስቱ ተናግሯል። ኒሜሪ ሜይ 30 ቀን 2009 አረፉ።

የኮበር በር ግን ሥራ አልፈታም። በ1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ዑመር አል በሽር 30 ዓመት ገዝተው በኤፕሪል 2019 ሲወድቁ የተወሰዱት ወደዚያው እስር ቤት ነበር። በኤፕሪል 2023 በሁለት ጀነራሎች ጦር መካከል በተቀሰቀሰው ጦርነት የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ እስረኞች ወጡ፤ ከተማዋም ነዋሪዎቿን በተነች። በዚያ ጦርነት ከካርቱም የተሰደዱት ሱዳናውያን ብቻ አይደሉም። አንድ ጊዜ ከአገራቸው ሸሽተው በጀሪፍ፣ በዴምና በሰሐፋ ሠፈሮች ጎጆ የቀለሱ ሐበሾችም ዳግመኛ ስደተኞች ሆነዋል። ሁለቱም ጀነራሎች የተዋጉት ለሕዝብ ሲሉ እንደሆነ ተናግረዋል። ይህን ቃል ካርቱም በሜይ 1969 ሌሊትም ሰምታዋለች። ያን ጊዜ እንቁላሉን የተቀበሉት ብዙዎች ነበሩ፤ የከፈሉት ግን ልጆቻቸው ናቸው።